መሸሻ ያጣ ጠብ፦ ትልልቅ አዳኝ ዓሦች በቤት ገንዳ ውስጥ

ሁለት ዓሦች ወንዝ ውስጥ ሲጣሉ ጠቡ አብዛኛውን ጊዜ ሳይቆይ ያበቃል። ደካማው ጅራቱን መትቶ ይሄዳል፤ ብርቱው ጥቂት ያባርረውና ወደ ክልሉ ይመለሳል። በመስታወት ገንዳ ውስጥ ግን የተሸነፈው የሚሄድበት የለም። አሸናፊው ዞር ባለ ቁጥር ያንኑ ባላጋራ እዚያው ያገኘዋል፤ ለዓሣው ደግሞ ያልሸሸ ማለት አሁንም የሚገዳደር ማለት ነው። ስለዚህ እንደገና ይመታዋል፣ እንደገናም ይመታዋል። ወንዝ ውስጥ የአፍታ ግርግር የነበረው ነገር ቤት ውስጥ ቀናት ፈጅቶ በሞት ይቋጫል። ትልልቅ አዳኝ ዓሦችን በአንድ ገንዳ የማኖር ችግር በሙሉ ከዚህ ይነሳል፤ መፍትሔዎቹም ሁሉ የጎደለውን መሸሻ በአንድ ወይም በሌላ መንገድ ለመተካት የሚደረጉ ጥረቶች ናቸው።

ለቤት ገንዳ ከሚመረጡት ትልልቅ አዳኞች ብዙዎቹ ሲክሊድ የሚባለው የዓሣ ቤተሰብ አባላት ናቸው። ከሁሉም የታወቀው ኦስካር የአማዞን ተፋሰስ ተወላጅ ነው። ሲገዛ የአውራ ጣት ያህል ቢሆንም በአንድ ዓመት ገደማ ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል፤ ኋላም 30ን ሊያልፍ ይችላል። ጃጓር ሲክሊድ፣ እንዲሁም «ቀይ ሰይጣን» የሚል ትርጉም ያለው ስም የወጣለት ሬድ ዴቭል፣ በማዕከላዊ አሜሪካ በኒካራጓ ሐይቆች የሚኖሩ ናቸው፤ ሁለቱም በጠበኝነት ከኦስካር ይብሳሉ። ከሲክሊዶች ውጭ ረጅሙ አሮዋና፣ ራሱ የእባብ የሚመስለው ስኔክሄድ እና ቢቺር አሉ። ቢቺር በባሮና በኦሞ ውኃዎችም የሚገኝ፣ ጀርባው ላይ ትንንሽ ክንፎች የተደረደሩለት ጥንታዊ ዓሣ ነው። ሲክሊዶችም ቢሆኑ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደሉም። ከጣና፣ ከሐዋሳና ከጫሞ ወጥቶ ማዕድ ላይ የሚቀርበው ቆሮሶ የዚሁ ቤተሰብ ልጅ ነው። ወንዱ ቆሮሶ በመራቢያው ጊዜ ጥልቀት በሌለው የሐይቅ ዳርቻ አሸዋውን በአፉ እየዛቀ ጎድጓዳ ጎጆ ይሠራል፤ ሌላ ወንድ ወደዚያች ጉድጓድ ከቀረበ ሳይውል ሳያድር ጠብ ይነሳል። ሳሎን ውስጥ የተቀመጠው ኦስካር የሚያሳየው ጠባይ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ከሁሉ በፊት አደንና ጠብን መለየት ያስፈልጋል። አዳኝ ዓሣ ትንሹን ሲውጥ እየበላ እንጂ እየተቆጣ አይደለም። አደን ጸጥ ያለና ድንገተኛ ነው፤ ፉከራ የለውም፣ ማስጠንቀቂያም የለውም፤ ባለቤቱ የሚያውቀው በማግስቱ ዓሦቹን ሲቆጥር አንድ ጎድሎ ሲያገኝ ነው። መድኃኒቱም አንድ ብቻ ነው፦ አዳኙ አፍ ውስጥ ሊገባ የሚችል ዓሣ ከእርሱ ጋር አለማኖር። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ርዝመትን በመለካቱ ነው። የሚቆጠረው የሰውነት ውፍረት ነው። ቀጭን ዓሣ ርዝመቱ የአዳኙን ግማሽ ቢያህል እንኳ ተጠቅልሎ ይዋጣል፤ እንደ ሲልቨር ዶላር ያለ ክብና ጠፍጣፋ ዓሣ ግን ከመንጋጋ አያልፍም። የአምባዛ ወገን የሆኑት ዓሦች ደግሞ የራሳቸው አደጋ አላቸው። ሊዋጡ ሲሉ የደረታቸውንና የጀርባቸውን እሾህ ገትረው ጉሮሮ ላይ ይቀረቀራሉ፤ ብዙውን ጊዜ የዋጠውም የተዋጠውም አይተርፍም።

ጠብ ሌላ ነው። ምንጩ ክልል፣ የበላይነት ወይም መራባት ሲሆን የሚነሳውም አብዛኛውን ጊዜ በሚተካከሉና በሚመሳሰሉ ዓሦች መካከል ነው። ሥርዓትም አለው። ሲክሊዶች በመጀመሪያ ቀለማቸውን ያደምቃሉ፣ ክንፎቻቸውን ይዘረጋሉ፣ ጎናቸውን ለባላጋራቸው ሰጥተው ሰውነታቸውን ትልቅ አስመስለው ያሳያሉ። ቀጥሎ ጅራታቸውን እየመቱ ውኃ ይገፋሉ፤ ዓሣ በጎኑ ላይ ባለው የስሜት ሕዋሳት መስመር የውኃን ግፊት ስለሚያነብ ተጋጣሚው የሚገጥመውን ጉልበት በዚህ ይመዝናል። ከዚያ የስንጥባቸውን ክዳን ገልጠው ፊት ለፊት ይገጥማሉ፤ በመጨረሻ አፍ ለአፍ ተያይዘው ይጓተታሉ። ከእነዚህ ደረጃዎች በአንዱ ላይ አንዱ ከተሸነፈ ቀለሙን አደብዝዞ፣ ክንፉን አጥፎ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ፉከራ የተፈጠረው ጉዳት ሳይደርስ አሸናፊውን ለመለየት ነው። ባለቤቱን ሊያሰጋው የሚገባው ሥርዓት ያለው ግጥሚያ ሳይሆን ከግጥሚያው በኋላ የማያቋርጠው ማሳደድ ነው። አንድ ዓሣ በውኃው ገጽ ወይም በማሞቂያው ጀርባ ተወሽቆ፣ ቀለሙ ጠቁሮ፣ ምግብ ሲመጣ እንኳ ካልወጣ ግጥሚያው አልፎ ስደት ጀምሯል ማለት ነው።

የዓሦችን ጠብ በጥልቀት ካጠኑት መካከል በ1973 የኖቤል ሽልማት የተጋራው ኦስትሪያዊው ኮንራድ ሎሬንዝ አንዱ ነው። በ1963 ስለ ጠበኝነት ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ለገንዳ ባለቤት ሁሉ የሚጠቅም ነገር ገልጿል። በአንድ ገንዳ ውስጥ ሁለት ጥንድ ሲክሊዶች በመስታወት ግርዶሽ ተለይተው ይኖራሉ። በመስታወቱ በኩል ስለሚተያዩ ወንዶቹ ቁጣቸውን የሚያወጡት በጎረቤት ላይ ነው፤ በየቤታቸው ሰላም ነው። መስታወቱ በአልጌ ተሸፍኖ መተያየት ሲያቆሙ ግን ወንዱ የገዛ ሚስቱን መምታት ይጀምራል፤ መስታወቱ ሲጠረግ ሰላሙ ይመለሳል። ስለዚህ ቁጣው ባላጋራ ሲጠፋ አብሮ አይጠፋም፤ ሌላ ማረፊያ ይፈልጋል። «ሁለት ብቻ ላድርግ፣ ያኔ ይስማማሉ» የሚለው የብዙ ጀማሪዎች ሐሳብ የሚከሽፈው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለት ዓሦች ብቻ ባሉበት ገንዳ ቁጣው ሁሉ በአንዱ ላይ ያርፋል።

የገንዳው ስፋት ጉዳይ ሰፊ ቦታ ሊሰጠው ይገባል፤ ትልቁ ስሕተት የሚፈጸመውም እዚህ ላይ ነው። በአሜሪካ የኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሮናልድ ኦልድፊልድ በ2011 ባሳተመው ጥናት ማይዳስ የተባለውን የኒካራጓ ሲክሊድ በተለያየ መጠን ባላቸው ገንዳዎች ውስጥ አነጻጽሯል። በትንንሽ ገንዳዎች መካከል ያለው የስፋት ልዩነት ጠቡን አልቀነሰውም። ጠቡ የቀነሰው ገንዳው እጅግ ሰፊ ሲሆንና ድንጋይና መደበቂያ ሲበዛበት ነው። ለተራ ሰው ይህ የሚያሳዝን ዜና ነው፤ መቶ ሊትር ጨምሮ ችግሩን ማስወገድ አይቻልም ማለት ነውና። ጠቃሚነቱ ግን ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ነው። ለአንድ ኦስካር ብቻ 300 ሊትር ያህል ዝቅተኛው መጠን ሲሆን ብዙ ትልልቅ ሲክሊዶችን ለማኖር የሚያስብ ሰው ከ600 ሊትር በታች ባይጀምር ይሻለዋል።

ከሊትሩም ይልቅ የመሬቱ ስፋት ይበልጣል። ሲክሊዶች የሚጣሉት ስለ መሬት ነው፤ ቁመቱ የረዘመ ጠባብ ገንዳ ብዙ ውኃ ቢይዝም ለእነርሱ አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። ርዝመቱ 180፣ ወርዱ 60፣ ቁመቱም 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ ወደ 650 ሊትር ይይዛል። የአንድ ሊትር ውኃ ክብደት አንድ ኪሎ መሆኑ አይዘነጋ፤ መስታወቱ፣ አሸዋውና ድንጋዩ ሲጨመር ከ750 ኪሎ በላይ ይሆናል። ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ይህን ጭነት ከመትከሉ በፊት ወለሉ መቻሉን ባለሙያ መጠየቅ አለበት።

በሰፊው ገንዳ ውስጥ የሚቀጥለው ሥራ እይታን መቁረጥ ነው። ጥቃት በማየት ይጀምራል፤ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ወለል ብሎ የሚታይ ገንዳ ለአንዱ ብርቱ ዓሣ ሙሉውን ርስት እንደ መስጠት ነው። ትልልቅ ድንጋዮች፣ ወፍራም የዛፍ ግንዶችና ሰፋፊ የፕላስቲክ ቱቦዎች በሦስት በአራት ቦታ ተከፋፍለው ከታች እስከ ውኃው አጋማሽ ከፍ ቢሉ የሚባረረው ዓሣ በሁለት ምት ጅራት ከዓይን ይሰወራል። የመደበቂያዎቹ ቁጥር ከዓሦቹ ቁጥር መብለጥ አለበት፤ እያንዳንዱም ሁለት በር ይኑረው። አንድ በር ብቻ ያለው ዋሻ መሸሸጊያ መሆኑ ቀርቶ ወጥመድ ይሆናል። ኦስካርና ጃጓር አሸዋ ስለሚቆፍሩ ድንጋዩ በአሸዋው ላይ ሳይሆን በቀጥታ በገንዳው መሠረት ላይ መቀመጥ ይገባዋል፤ አለዚያ ከሥሩ ተቆፍሮ ሊወድቅና መስታወት ሊሰብር ይችላል።

ማን ከማን ጋር ይኑር? ተመሳሳይ ዓይነት፣ ተመሳሳይ ቀለም፣ ተመሳሳይ መጠንና ተመሳሳይ ፆታ ሲገናኙ ጠቡ ይከፋል፤ ልዩነት ሲሰፋ ጠቡ ይቀላል። ሁለት ወንድ ሬድ ዴቭሎችን በአንድ የቤት ገንዳ ማኖር በተግባር አይቻልም። በአንጻሩ መሬት ላይ የሚኖር ቢቺር፣ መካከለኛውን ውኃ የሚይዝ ኦስካርና በውኃው ገጽ ላይ የሚንሸራሸር አሮዋና እምብዛም ስለማይገናኙ ሊቻቻሉ ይችላሉ፤ አሮዋና ግን እስከ 90 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም በመሆኑ ለእርሱ 650 ሊትርም ጠባብ ነው። ብዙዎቹን ሲክሊዶች ዘና የሚያደርጋቸው ሌላ ዘዴ ደግሞ በመንጋ የሚዋኙ ፈጣን ዓሦችን ማከል ነው። እንደ ሲልቨር ዶላር ያሉት በአደባባይ ያለ ስጋት ሲዋኙ ሲያይ ዓይን አፋሩ አዳኝ አደጋ አለመኖሩን ይረዳል፤ ጠበኛው ደግሞ የሚያባርራቸው ብዙዎች ስለሚሆኑ በአንዱ ላይ አያተኩርም። ከማላዊ ሐይቅ የሚመጡትን ትንንሽ ሲክሊዶች የሚያረቡ ሰዎች ገንዳውን ሆን ብለው በማጨናነቅ ቁጣውን ይበትናሉ። ይህ ዘዴ 30 ሴንቲ ሜትር ለሚደርሱ ዓሦች በጥንቃቄ ካልሆነ አይሠራም። የእነርሱ ቆሻሻ ብዛት ማጣሪያውን ያሸንፈዋል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ደግሞ ፓምፑ ለጥቂት ሰዓታት ሲቆም በተጨናነቀ ገንዳ ውስጥ መጀመሪያ የሚያልቀው ኦክስጅን ነው። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ በቤት ውስጥ መኖሩ ለእንዲህ ዓይነት ገንዳ ግዴታ ነው።

ውኃና ጠብ የተያያዙ መሆናቸው ብዙ ጊዜ አይታሰብም። የሞዛምቢክ ቆሮሶ በሚባለው ዓሣ ላይ የተደረጉ ምርምሮች እንዳሳዩት የበላይ የሆነው ወንድ በሽንቱ ውስጥ ማዕረጉን የሚገልጽ ኬሚካል ይለቃል፤ ሌሎቹም ያንን አሽትተው ከግጥሚያ ይቆጠባሉ። ውኃው ራሱ የሥልጣን አዋጅ ተጽፎበታል ማለት ይቻላል። ብዙ ውኃ በአንድ ጊዜ ሲቀየር አዋጁ ይታጠብና ዓሦቹ ማዕረጋቸውን እንደ አዲስ ሊደለድሉ ይነሳሉ። የብራዚል ተመራማሪዎችም ኤንጅልፊሽ በተባለው ሲክሊድ ላይ ሲሞክሩ የውኃው ግማሽ ሲቀየር ሩቡ ሲቀየር ከሚታየው የባሰ ጠብ አይተዋል። ይሁን እንጂ ውኃ አለመቀየር አማራጭ አይደለም። ከዓሦቹ ቆሻሻ የሚወጣው አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ መሆን፣ ናይትሬትም ዝቅ ብሎ መቆየት አለበት፤ ስንጥቡ በአሞኒያ የተቃጠለ ዓሣ ሕመምተኛም ግልፍተኛም ይሆናል። አስታራቂው መንገድ በሳምንት አንድ ጊዜ ግማሹን ከመቀየር ይልቅ ሁለት ጊዜ ሩብ ሩቡን መቀየር ነው። የቧንቧ ውኃ ክሎሪኑ ሳይወገድ በቀጥታ አይጨመርም።

ብርሃንና ሙቀትም ድርሻ አላቸው። በቆሮሶ ላይ በተደረገ ሙከራ ብርሃኑ ሲበረታ ጠቡ በርትቷል፤ እነዚህ አዳኞች ደግሞ ከወንዝና ከሐይቅ ጥላ የመጡ በመሆናቸው ደማቅ መብራት አያስፈልጋቸውም። የብዙዎቹ የሚመች ሙቀት ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ወደ 28 ሲጠጋ ሰውነታቸው ይፈጥናል፣ ለመራባትም ይነሳሳሉ፤ ወደ 25 ዝቅ ማድረግ ጠቡን ባያጠፋውም ያለዝበዋል።

ስለ ምግብ በሰፊው የሚታመን ነገር አለ፤ የጠገበ ዓሣ አይጣላም የሚል። እውነትነቱ ግማሽ ነው። ረሃብ ጠብን ያባብሳል፤ ጥጋብ ግን የክልልን ጠብ አያስቀረውም፣ ቆሮሶው ጉድጓዱን የሚጠብቀው ስለ እንጀራ አይደለምና። የሚጠቅመው ምግቡ የሚሰጥበት መንገድ ነው። በሁለቱ የገንዳው ጫፎች በአንድ ጊዜ ሲበተን አንዱ ብርቱ ሁለቱን መቆጣጠር አይችልም፤ ደካማውም ጾሙን አያድርም። በሕይወት ያለ ትንሽ ዓሣ እየጣሉ ማብላት በተመልካች ዘንድ የተወደደ ትርኢት ቢሆንም ሊተው ይገባዋል። ከገበያ የሚመጡት ትንንሽ ዓሦች ጥገኛ ተውሳክና በሽታ ይዘው ይመጣሉ። ለዚህ በብዛት የሚውለው ጎልድፊሽም ታያሚኔዝ የሚባል ቫይታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ንጥረ ነገር አለው፤ በእርሱ ብቻ የሚመገብ አዳኝ ውሎ አድሮ በቫይታሚን እጥረት ይጎዳል። የከብት ልብም ስቡ ለዓሣ ሆድ የማይመች ነው። ለትልልቅ አዳኞች የተዘጋጀ ደረቅ ምግብ፣ በመካከሉም የዓሣ ሥጋና ትል ይበቃቸዋል።

አዲስ ዓሣ የሚገባበት ቀን ከሁሉ አስጊው ነው። ነባሮቹ ክልላቸውን ተከፋፍለዋል፤ እርስ በርስ የሚተዋወቁ ጎረቤታሞችም ለእንግዳ የሚያሳዩትን ቁጣ አንዱ በሌላው ላይ አያሳይም። እንግዳው ለበሽታ ጥንቃቄ ሲባል ሦስት አራት ሳምንት በሌላ ገንዳ ከቆየ በኋላ ወዲያው አይለቀቅም። መጀመሪያ ድንጋዩና ግንዱ ሁሉ ቦታው ይቀያየራል፤ ያኔ ለነባሮቹም ገንዳው አዲስ አገር ይሆንባቸውና የሚከላከሉት የታወቀ ርስት ያጣሉ። ቀጥሎ አዲሱ ዓሣ በፍርግርግ ፕላስቲክ ተከልሎ ጥቂት ቀናት ይቆያል። ፍርግርጉ ጥርስን እንጂ ሽታንና እይታን አያግድም፤ ፉክክሩ ያለ ንክሻ ያልቃል። ነባሮቹ ፍርግርጉን መምታት ሲሰለቻቸው መብራቱ ጠፍቶ፣ ሁሉም በልተው፣ በማታ ግርዶሹ ይነሳል። የሚቻል ከሆነ ከሁሉም የሚሻለው ዓሦቹን በልጅነታቸው አብሮ ገዝቶ አብሮ ማሳደግ፣ ጠበኛ እንደሚሆን የሚታወቀውንም ዓይነት በመጨረሻ ማስገባት ነው።

እንዲህ ተደክሞበት የቆመ ሰላም በአንድ ሌሊት ሊፈርስ ይችላል፤ ሁለት ዓሦች ከተጣመሩ። ኦስካር በአንድ ጊዜ ከ1,000 በላይ ዕንቁላል በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ሊጥል ይችላል፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ባልና ሚስቱ ሌላውን ሁሉ ወደ አንድ ጥግ ይገፉታል። ዕንቁላሉ ከሦስት ቀን ገደማ በኋላ ይፈለፈላል፤ ጥበቃው ግን ለሳምንታት ይቀጥላል። በዚህ ወቅት አስታራቂ ዘዴ የለም። ወይ ጥንዱ በግርዶሽ ተለይተው የራሳቸው ክፍል ይሰጣቸዋል፣ ወይ ጫጩቶቹን ማሳደግ ካልታሰበ ዕንቁላሉ ከድንጋዩ ጋር ይወጣል።

የተጎዳ ዓሣ ሲገኝ ማዘግየት አይገባም። ከገንዳው የሚወጣው ብዙ ጊዜ ተጎጂው ነው፤ ሆኖም ተጎጂውን ብቻ ማውጣት ቁጣውን ወደ ቀጣዩ ደካማ ያዞረዋል። ልምድ ያላቸው አርቢዎች አጥቂውን ለሳምንት ሁለት ሳምንት አግልለው፣ ሌሎቹ ያለ እርሱ ሥርዓት ካቆሙ በኋላ እንደ እንግዳ ይመልሱታል፤ አንዳንዴም ይሰምራል። የተሰነጠቀ ክንፍና የወለቀ ቅርፊት በንጹሕ ውኃ ውስጥ ራሱ ይተካል። በአንድ ሊትር ከ1 እስከ 3 ግራም የማይበልጥ አዮዲን የሌለው ጨው ቁስሉ ሻጋታ እንዳያበቅል ይረዳል። ዓይን ወይም መንጋጋ ከተጎዳ ግን መድኃኒቱ ጸጥታና ጊዜ ብቻ ነው።

ከማንም ጋር የማይኖር ዓሣም አለ። አንዳንድ ጃጓርና ሬድ ዴቭል ምንም ቢደረግለት ያገኘውን ሁሉ ይገድላል። ለእርሱ የራሱ ገንዳ መስጠት ሽንፈት አይደለም፤ ብቻውን የሚኖር ጠበኛ ሲክሊድ ባለቤቱን ለይቶ እያወቀ፣ ከእጅ እየተቀበለ ለዓመታት በጤና ይኖራል። ይህ ካልተቻለ ወደ ተገዛበት ሱቅ መመለስ ወይም ሰፊ ገንዳ ላለው ሰው መስጠት ይገባል። ወንዝና ኩሬ ውስጥ መልቀቅ ግን ፈጽሞ የተከለከለ መሆን አለበት። ከባሮና ከጫሞ የሚታወቀው ናይል ፐርች በ1950ዎቹ በሰው እጅ ቪክቶሪያ ሐይቅ ከገባ በኋላ የሐይቁን ትንንሽ ሲክሊዶች በብዛት አጥፍቷል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት የዋሽንግተን ዲሲ አካባቢም የሆነ ነገር አለ። በ2002 በሜሪላንድ ክሮፍተን በሚባል ቦታ አንድ ኩሬ ውስጥ ከእስያ የመጣ ስኔክሄድ ተገኘ፤ ምንጩ በሕይወት ተገዝተው ኋላ ወደ ኩሬው የተለቀቁ ሁለት ዓሦች ነበሩ። ግዛቱ ኩሬውን በመርዝ ሲያጸዳ ከ1,000 በላይ ግልገሎች ወጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2004፣ ይኸው ዓይነት ዓሣ በፖቶማክ ወንዝ ውስጥ ተገኘ፤ ዛሬም እዚያው እየተራባ ይኖራል።